ደሴ አዳራሽ የገባው የማሽላ ወፍ

አርባ ሰው አብሮ የሚዘምረው ማን እንደሳተ እንዳይታወቅ ነው ብል ማን ይፈርድብኛል? ብቻውን የሚያዜም ሰው ጉዱ ይታያል። አርባ ሲሆን ግን ጥፋቱም ምስጋናውም የጋራ ነው። ይህን የተማርሁት ከመሠረተ ትምህርት አይደለም፤ እዚያ ያገኘሁት ፊደልና የስሜን አጻጻፍ ነው፣ ያችኑ ይዤ ነው ዛሬ እናንተን የማስቸግር። የተማርሁት በደርግ ጊዜ፣ ለአብዮቱ በዓል ደሴ ወርጄ ነው።

ልጄ ዘሀራ የቀበሌው ኪነት ውስጥ ገብታ ነበር። ድምፅዋን ላውራላችሁ? ቆቦ ሜዳ ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወፍ የሚጠበቀው ማማ ላይ ተወጥቶ ነው፤ ዘሀራ ደግሞ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የማማ ልጅ ናት። እኔ ከቤት ሆኜ «ዘሀራዬ ሆይ፣ ወፍ ገባልሽ!» ስላት፣ «ሃይያ፣ ሁሽ!» ብላ ስትመልስልኝ የኛ ወፍ ቀርቶ የዋጃው ይነሣ ነበር። አጋነንሽ የሚል ካለ ዋጃ ሄዶ ወፎቹን ይጠይቅ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ደሴ ለመዘመር ተመረጠች ሲባል፣ እንሄዳለን አልሁ። ባሌ ሰይድ፣ ማሽላውን ማን ይጠብቀዋል አለ። ወፍ ይብላው አልሁት። የይለፍ ወረቀቱንስ ማን ይሰጠናል አለ። ለዚያ ደግሞ ቀበሌው ደጅ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ፈረመልኝ፤ ወዶኝ ሳይሆን ፊቴን ማየት ሰልችቶት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያለው ሰውዬ ቀበሌ ደጅ ተቀምጦ አያውቅም።

እኔ፣ ሰይድና እህቱ ፋጡማ ተሳፈርን። ጎብዬ ላይ ጎማው ተነፈሰ፤ ወልድያ ላይ አስወርደው ፈተሹን፤ ፋጡማን ከመርሳ እስከ ሐይቅ አስመለሳት። ቢሆንም ደረስን።

አዳራሹ በር ላይ፣ ከኪነቱ ጋር ቀድማ የሄደችው ዘሀራ ካኪዋን ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀችን። ምነው ልጄ አልኋት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው አሰልጣኝ፣ ድምፅሽ ሌላውን ይውጣል፤ አፍሽን ክፈችና ዝጊ እንጂ ድምፅ እንዳታወጭ ብሏታል ለካ! እኔ ማሽላዬን ለወፍ ሰጥቼ የመጣሁት የልጄን አፍ ለማየት ነው? አፏንማ ቤቴ ስትበላ አየው የለም እንዴ? «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ሲባል አልሰማም ይሆን? ወላሂ፣ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ቆቦ አልመለስም ብዬ ማልሁ።

ሰይድ ሰምቶኝ፣ «አንች ሴት፣ ልታሳስሪን ነው?» አለ። ፈራህ እንዴ አልሁት። አዎ አለ። ሐቀኛ ሰው ነው።

ገብተን ተቀመጥን። አሰልጣኙ እጁን እንደ ገብስ ወቂ ያወራጫል፣ አርባ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ላም እንኳ ጥጃዋን በድምፅ ትለያለች፤ እኔ ግን ጆሮዬን ብጥል ብጥል ልጄ የለችም። ከውኃ የወጣ የሐይቅ ዓሣ መስላ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ሦስተኛው መዝሙር አልቆ አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ተነሣሁና፣ ከቤቴ ደጅ እንደምጣራው አድርጌ፣ «ዘሀራዬ ሆይ፣ ወፍ ገባልሽ!» አልሁ።

«ሃይያ፣ ሁሽ!»

አስባ አይደለም። ወፍ ገባ ተብላ ዝም ማለት መቼ ለምዳ! የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። የአሰልጣኙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፋጡማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ሰይድ ሁለት ወንበር ፈቀቅ ብሎ፣ አይቶኝ የማያውቅ መንገደኛ ሆነ።

ፊት የተቀመጡት ትልቁ ጓድ ቀስ ብለው ዞሩ። ወፎቹ እነማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ። ያልዘሩትን የሚያጭዱ ናቸው ጌታዬ አልሁ፤ ውሸት አለበት? ሰውዬው ብድግ ብለው፣ «ፀረ-ሕዝቦች!» አሉና አጨበጨቡ። እሳቸው ቆመው እያጨበጨቡ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሞላ ተነሣ። ይደገም ተባለ። እኔ ተጣራሁ፣ ልጄ ብቻዋን፣ በሙሉ ጉሮሮዋ መለሰች። አልሐምዱሊላህ፣ ሰማሁ። ሰይድም ሁለቱን ወንበር ተመልሶ መጥቶ፣ ጎረቤቱን «ባለቤቴ ናት» አለው። አሰልጣኙ በበኩሉ፣ ድርሰቱ የእኔ ነው ሲል ሰምቼዋለሁ።

ቆቦ ስንመለስ ማሽላው አገዳ ብቻ ቀርቷል። ወፎቹ ፀረ-ሕዝብ መባላቸውን የነገራቸው የለም።

በዓመቱ ከዚያው አሰልጣኝ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ። በበዓሉ ዕለት በድንገት ተነሥቼ እንድጮኽ፣ አሥር ቀን ቀደም ብዬ ለልምምድ እንድገባ ይላል። ደብዳቤውን ያመጣውን ሰው አስቀምጬ እንዲህ ብለህ ንገረው አልሁት፤ እመጣለሁ፣ ምን ገዶኝ፤ አፌን ግን ከፍቼ እዘጋለሁ እንጂ ድምፅ አላወጣም።