አባቴን የሚገድለው ካርድ

በሽተኛ ባለበት ቤት ቀላሉ ሥራ መታመም ነው። አትቆጡኝ፣ ከልምድ ነው የምናገረው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ መካኒሳ ስንኖር አባቴን ደም ብዛት ያዘው። ሐኪሙ ሁለት ነገር አዘዘ፤ ጨው እንዲቀርበትና እንዳይናደድ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ጨው የለሽ ሽሮ በላ። ንዴቱን መጠበቅ ደግሞ የእኔ ድርሻ ሆነ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ጎረቤት ሁሉ ባገኘኝ ቁጥር፣ «አባትሽን እንዳታናድጂ፣ ትገይዋለሽ» ይለኛል። ይኼ እንግዲህ ማጽናናታቸው ነው። ዶሯችን የተሰረቀች ጊዜ እንኳን ለአባቴ «ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» ማለት ነበር የቀረን...

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ካርድ ተሰጠ። ከስልሳ ሰባት ተማሪ ሃምሳ ዘጠነኛ! ሰኞ አባቴ ፈርሞበት መመለስ አለበት። እናንተ ቤት ቢሆን ኩርኩም ነው፤ እኛ ቤት ግን ቀብር ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሁሉ አስቤ ነበር።

ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ጀርባ ተደብቄ ሳለቅስ ባለቤቷ እትዬ ሸዋዬ አገኙኝ።

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው» አልኩና ካርዱን አሳየኋቸው።

አይተው ሳቁ። «ስሚ፣ በሽታው ባንቺ አልመጣም፣ ባንቺም አይብስም። ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተነሺ!»

እጄን ይዘው ወደ ቤት ወሰዱኝ። አባቴ ከታመመ ወዲህ ጣቱን ሳይቀስርብኝ እጄን የያዘኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ፍርሃቴ በግማሽ ቀለለኝ።

አባቴ ካርዱን እያገላበጠ አየ። እኔ ደረቱን ነው የማየው፣ መተንፈሱን ለማረጋገጥ።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

«እንዳትሞት...»

ካርዱን አስቀመጠው። ከዚያ ጎትቶ አቀፈኝ። «ልጄ፣ በሃምሳ ዘጠነኛ የሞተ አባት የለም» አለኝ። ድምፁ ግን እንደ እኔው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈረመልኝ።

እትዬ ሸዋዬ እዚህ ላይ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። እኔን ይበልጥ ለማጽናናት ብለው ቀጠሉ።

«አየሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ቁርጡን በሚጥሚጣ ሲያወርዱት ያልሞቱ ሰውዬ፣ በካርድ ሊሞቱ?»

እናቴ ጨው የለሹን ሽሮ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

አባቴ ከካርዴ ተረፈ። ከእናቴ የተረፈው ግን ለጥቂት ነው።