በሙሽራዋ እጅ ላይ የተገኘው ስልክ ቁጥር

የዘንድሮ ሙሽሮችን እጅ አይታችኋል? ከጣት ጫፍ እስከ ክንድ ሐረግ፣ አበባ፣ ቅጠል። በእኛ ጊዜ እንሶስላ ነበር። መዳፍና ጥፍር ካቀላ በቃ፣ ሥራው አለቀ፤ ምኑ ይሳሳታል? ሂና ግን ሥዕል ነው። ሥዕል ደግሞ ጣጣ አያጣም።

የእህቴ ልጅ ሜሮን አምቦ ተሞሸረች። ሂናውን የሠራችላት ሌንሴ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ናት። ሜሮን ከስልክ ላይ አንድ ፎቶ መረጠች፤ ሌንሴ ሦስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሳ ገለበጠችው። ሁላችንም አደነቅን። እኔማ መምህር ነኝና ለንጽሕናው ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

በማግስቱ ሙሽራዋን አጅበን ሙሽራው ቤት፣ ጎጆ የምትባል ደጋ ከተማ ገባን። ብርዱን አትጠይቁኝ። የሙሽራው አክስት አዴ ዲንቂቱ ከሁሉ ፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው እሺ ካላሉ በዚያ ቤት በግ እንኳ አይታረድም። ሜሮን ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስትስም እጇ ጭናቸው ላይ አረፈ። አዴ ዲንቂቱ ሊመርቁ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን ምርቃቱ አልወጣም። መነጽራቸውን አወጡ። ከዚያ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ "ዜሮ... ዘጠኝ..."

እውነታቸውን ነው። በእጇ አንጓ ዙሪያ፣ ከሐረጉ ጋር ተጠላልፎ፣ አሥር አኃዝ።

"ይሄ የማን ስልክ ነው?"

ሜሮን፣ አላውቅም፣ ቅጠል መስሎኝ ነው አለች። ቅጠል! ሙሽራው ከግድግዳው ኖራ በላይ ነጣ። አንድ አጎቱ "ያመጣት መኪና አልሄደም አይደል?" ብሎ ጠየቀ። ወዴት እንድትሄድ እንደፈለገ ሁላችንም ገባን።

አዴ ዲንቂቱ የስልካቸውን ድምፅ ለሁላችን ከፍተው ወደ ቁጥሩ ደወሉ። ያነሳው ወንድ ነው።

"ሙሽራዋን ታውቃታለህ?"

"የትኛዋን ማዘር? የዛሬዎቹ ሦስት ናቸው።"

ሚዜው ብርጭቆ ጣለ። እኔ ወንበር ፈለግሁ።

ደግነቱ ሰውዬው ወሬ ይወዳል። አዲስ አበባ ሂና ሠሪ ነው። ሥራውን ሰው እንዳይሰርቅበት ፎቶው ላይ ቁጥሩን በጌጠኛ አጻጻፍ ያሰፍራል። ሌንሴ ከነቁጥሩ ገልብጣዋለች ማለት ነው! አዴ ዲንቂቱ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ሜሮንን አቅፈው የቀረውን ምርቃት ጨመሩላት። ከዚያ እንደገና ደነገጡ። "ቆይ፣ ወንድ ልጅ የሰው ሙሽራ እጅ ይዞ ነው እንዴ የሚውለው?"

አምቦ እንደተመለስኩ ሌንሴን ልቆጣት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ካለው አንዲት ነጥብ አላስቀረሁም እኮ" አለችኝ፣ ኩራት በኩራት ሆና።

ለሌላ ሰው ሠርተሻል ወይ አልኳት።

"ለሁሉም! የዚህ ወር ሙሽሮች በሙሉ ያንኑ ፎቶ ነው የመረጡት፤ ሸነን የተዳረችውም፣ ደንዲ የተዳረችውም።"

ሰውዬው አሳዘነኝ። የሸነንና የደንዲ አክስቶች ገና አልደወሉለትም።