የተካልኝ የክብር ፎቶ

የድሮ ሰው ፎቶ ሲነሳ ለምን እንደማይስቅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ካሜራው ቀርፋፋ ስለነበር ነው ይላሉ አዋቂዎች። እኔ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ሜልበርን መሀል ከተማ፣ ሰውን የዛሬ መቶ ዓመት ልብስ አልብሶ የሚያነሳ ፎቶ ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ የዚያ ዘመን ሰዎች ተሰቅለዋል። ዳቦ ጋጋሪው፣ ባለ ሱቁ፣ ጫማ ሰፊው፤ ትንሽ ሲያልፍላቸው ወደ ፎቶ ቤት ሮጠው፣ ኮት ተውሰው፣ እብነ በረድ የሚመስል የእንጨት ዓምድ ተደግፈው ተነስተዋል። ያለፈለት ሰው ደግሞ ኮስተር ማለት አለበት። አትሳቁባቸው። እኛስ የሰው መኪና ተደግፈን ተነስተን አገር ቤት የላክነው ስንት ነው?

ጓደኛዬ ተካልኝ እዚያው ሜልበርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ደሴ ላሉት እናቱ በሥራ ልብሱ የተነሳውን ፎቶ ቢልክላቸው «ልጄን ኩሊ አደረጉብኝ» ብለው እህል አልቀምስ አሉ። ነገሩ አንጀቱን በላው። አንድ ቅዳሜ ተያይዘን እዚያ ፎቶ ቤት ሄድን። ጥቁር ካፖርት አለበሱት፤ ለካ ጀርባው ክፍት ነው፣ በክር ነው የሚታሰረው። ከፊት ጌታ፣ ከኋላ ውስጡን ለቄስ። «ትንሽ ፈገግ በል እንጂ» ስለው፣ «እናቴ ቀልድ እንዲመስላት ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። ቡናማ ሆኖ የታጠበውን ፎቶ አስተልቀን፣ ጥቁር ፍሬም ውስጥ አስገብተን፣ አገር ቤት ለሚገባ መንገደኛ ሰጠነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ከባሕር ማዶ ጥቁር ፍሬም ያለው፣ የተኮሳተረ ሰው ትልቅ ፎቶ ሲመጣ ደሴ ላይ ምን ማለት ነው? ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ፎቶ ነዋ! መንገደኛው እናትየውን ቢያጣቸው ለጎረቤታቸው ለእትዬ ብዙነሽ ሰጥቶ ሄደ። እትዬ ብዙነሽም፣ ሰውዬው መርዶውን መናገር ከብዶት ነው አሉ። ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ እንደ ወጉ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቲቱን አረዷቸው።

ከሳምንታት በኋላ፣ እሑድ ዕለት ተካልኝ የስልክ ካርድ ገዝቶ፣ ፎቶው መድረሱን ሊጠይቅ፣ እናቱ ስልክ ስለሌላቸው እትዬ ብዙነሽ ቤት ደወለ። አጠገቡ ነበርኩ፤ ስልኩ ሲነሳ ከወዲያ ለቅሶ ይሰማል።

«እትዬ፣ የምን ለቅሶ ነው? ማን ሞተ?»

«ተካልኝ ሞቶብን... አንተ ማን ነህ?»

«ተካልኝ ነኛ!»

ከወዲያ ማዶ ስልኩ ወደቀ። ተካልኝ ወለሉ ላይ ዘፍ አለና «እናቴን ገደልኳት» አለ። ደግመን ደውለን፣ እናቱን አስጠርቶ ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ ነፍሱ አልተመለሰችም።

እናቱ እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ ደግመው እልል አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰልህ፣ ማን ለወሬ እንደመጣ አንድ በአንድ አይቻለሁ። በስልክ አይወራም። ስትመጣ እነግርሃለሁ» አሉት።

ስንት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲባል ያልተነቃነቀው ሰው፣ ሰኞ ጠዋት ትኬት ቆረጠ።