ገላጋይ የሚጠብቅ ቁጣ

ለመሆኑ ቁጣ ከየት ይመጣል? በደርግ ጊዜ፣ ነፋስ ስልክ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው ጎረቤቴ «ከደም ነው» ይል ነበር። የቀበሌው ካድሬ ደግሞ «ከመደብ ነው» ይላል። ሁለቱም የሰፈራችንን ጋሽ ታደሰን ልብ ብለው አላዩም። የእሳቸው ቁጣ የሚመጣው ገላጋይ ሲሟላ ነው። ያዙኝ ልቀቁኝ ሲሉ ሰፈሩ ይናወጣል፤ ማንንም ግን ነክተው አያውቁም።

አንድ ቀን የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር ተሰልፈን ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ ከእሳቸው ፊት ገባ። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉ። ግን ማን ተራውን ለቆ ይገላግል? ግራ ቀኝ ቢያዩ የሚይዛቸው ጠፋ። ጎረምሳው አዘነላቸው መሰለኝ፣ ራሱ ጥምጥም አለባቸው።

«በሞቴ ጋሼ፣ ለእኔ ሲሉ ይተዉኝ!»

«ባትይዘኝ ኖሮ አለቀልህ ነበር!»

ሳቃችሁ? እኔ ግን አከብራቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ የሚወስዱት ሰዎች «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የሚሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።