ፍሬን ዘይት የሚያጠጡ ሰዎች

ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር ባለው ምግብ ቤታችን ተረኛ ሆኜ ሽንኩርት ስልጥ አብራኝ የምትሠራው አልማዝ ከቤተ ክርስቲያን ደወለች። «እትዬ፣ ጋሽ ሙላቱ ዛሬ በቅዳሴ ወደ ፊት ቀረቡ» አለችኝ። «እሰይ» አልኳት። «ከነሞተራቸው» ስትለኝ ቢላውን አስቀመጥኩ።

እንደ ጋሽ ሙላቱ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጥርሳቸው ሲያማቸው ማስታገሻ፣ ጣሪያቸው ሲያፈስ ባልዲ። የሞተራቸው የኋላ ፍሬን ሲያፏጭ መካኒኩ «ሸራው ከላስ፣ አልቋል፤ ይቀየር» ቢላቸው፣ «እኔን ያስቸገረኝ ጩኸቱ ነው» አሉት። ከዚያም በገዛ እጃቸው የምግብ ዘይት አጠጡት። እውነትም ዝም አለ፤ መያዙንም አብሮ ተወ።

ሁልጊዜ ከደጅ ቆመው የሚያስቀድሱት ሰው በግቢው በር ሰተት ብለው ገብተው፣ የሴቶቹን ወገን ለሁለት ከፍለው አባ እግር ሥር ቆሙ። ስሙ ይመስገንና ማንም አልተጎዳም። አባ «ዘይት አድርግበት ብሎ የመከረህ ማነው?» ቢሏቸው ትንፍሽ አላሉም።

እኔ ነኝ። ጩኸቱ ጸሎቴን ቢያስረሳኝ ዘይቱን ከነጠርሙሱ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እዚያ የነበራችሁ እህቶቼ፣ ከሞተሩ የወደቀችውን፣ የምግብ ቤታችን ስም ያለባትን ጠርሙስ ያነሳችሁ ካላችሁ፣ አባ የነፍስ አባቴ ናቸውና እስክናዘዝ ድረስ ደብቁልኝ።