የጾመኛ ጉበት

በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ ነው፤ እዚህ ሜልበርን ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት። ያን ጊዜ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ እንደ ሐበሻ ጠያቂ ሰው የሚያወፍር ነገር የለም። ቀጭኑንም ከውስጥ ያወፍረዋል።

አንጀት የሚያቆስል በሽታ ካደረብኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይተኛል፣ ይነሣል። በዚያ ጾም ተነሣና አራት ቀን ሆስፒታል አስተኛኝ። የነፍስ አባቴ ከጾሙ ፈቱኝ። እሺ አባ አልኩና ቁርስ መብላት ጀመርኩ፤ ቅቤና ሥጋ ግን አልነካሁም።

ኮሊንግዉድ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ጠያቂ ጎረፈ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። ጾም ስለሆነ ሁሉም የጾም ነው፦ የማንጎ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ የጾም ኬክ። የጠያቂን ስጦታ መመለስ ነውር ነው፤ መድፋት ደግሞ ኃጢአት። ሌላ ምን ቀረ? ጠጣሁት... ለሳምንታት።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ሆዴን አልትራሳውንድ አስነሥቶ ጠራኝ። ልጄ ሐና ልታስተረጉም አብራኝ ገባች።

"ማሚ፣ ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ይላል።"

የሌላ ሰው ወረቀት ይሆናል አልኩ። ክብደቴ አርባ ዘጠኝ ኪሎ መሆኑን፣ ሁዳዴን ሙሉ ቅቤ እንዳልቀመስኩ፣ ጉበት የሚባል ነገርም ለፋሲካ ካልሆነ ትዝ እንደማይለኝ ንገሪው አልኳት። ሐና ይህን ሁሉ በሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ጨረሰችው።

ሰውየው አልተገረመም። አንጀቱ ለዓመታት የሚቆጣ ሰው ጉበቱ ላይ ስብ የመጠራቀሙ ዕድል ከሌላው ይበዛል፣ ቀጭን መሆንም አያድንም አለ። ቁጣው ከአንጀት አልፎ ለጉበት ይተርፋል፤ አንዳንዱ መድኃኒትም ያግዘዋል። እናንተዬ፣ በእኛ ቋንቋ አንጀት የማይገባበት የለም፤ ሲራራም፣ ሲናደድም፣ ሲያዝንም አንጀት ነው። ጉበት ግን ትንፍሽ ሳይል ኖሮ በስተርጅና ስብ ያከማቻል።

ቀጥሎ ምን እንደምጠጣ ጠየቀኝ። ውኃ ልል አፌን ስከፍት ሐና ቀደመችኝ።

"ጁስ። ኤቭሪ ደይ።"

አሁን ከተጠነቀቅሁ ስቡ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ችላ ካልኩት ግን ጉበቴ ጠባሳ እየያዘ እንደሚሄድና ያኔ መመለሻው እንደሚከብድ ነገረኝ። ጣፋጭ መጠጥ መተው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ። ሐና ዩኒቨርሲቲውን ሳትጨርስ ጉበቴ እንዳይጨርሰኝ ፈራሁ። ስመረቅ አጠገቤ ትቆሚያለሽ ብላኛለች።

ትራም ላይ ሆኜ ለእትዬ ብርቄ ብቻ ደወልኩ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። ለማንም እንዳይናገሩ ለመንኳቸው።

"ምን ቆርጦኝ!" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ከሁለት የማኅበር እኅቶች ጋር ቆመዋል፤ በየእጃቸው የማንጎ ጁስ።

"ለአንጀትሽ ጠይቀንሻል፤ ይሄ ለጉበትሽ ነው" አሉኝ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች የሰጠኝን አምላክ አመሰገንኩ። ከልቤ ነው። ጁሱን በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ተቀመጡ አላልኳቸውም፤ ጫማዬን አደረግሁ።

"ሐኪሙ በእግር ሂጂ ብሎኛል" አልኩ። "በሽተኛ ደግሞ ብቻውን አይለቀቅም።"

ሊፍቱ ይሠራ ነበር። በደረጃ ወረድን። ከዚያ ወደ ካርልተን ሰፈር አቀናን። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ሁለቱ እኅቶች ሥራ ትዝ አላቸው። እትዬ ብርቄ ትራም ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው አንድ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን አሹ፣ ቀና ብለውም አዩኝ።

"ልጄ፣ እኔ የታመምኩ ቀን ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ምን ቆርጦኝ!" አልኳቸው።