ሰማይ ሲዘጋ የሚመጡት አቶ ሎዮላ

ሰማይ ሲዘጋ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ፤ ሰማይ ሲዘጋ የሰው በር የሚያንኳኳም አለ። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ጎረቤትዎ ከሆነ ፈጣሪዎን ያመስግኑ። ሁለተኛው ዓይነት አማትዎ ከሆነ ግን እንደ ትሪና ነዎት፤ ያጽናዎት ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

የትሪና አማት፣ ክቡር አቶ ሎዮላ፣ የሚኖሩት ከእሷ ቤት አጥር ተሻግረው ነው። እኛ የካናዳዋ ደሴት የኒውፋውንድላንድ ሰዎች ደግሞ በረዶ ብርቃችን አይደለም። ራዲዮው ጠዋት “ዛሬ ትምህርት ቤት ዝግ ነው” ሲል መንደሩ በሙሉ ብርድ ልብሱን እንደገና ይከናነባል። አቶ ሎዮላ ብቻ ውሽንፍሩን በደረታቸው እየሰነጠቁ ይመጣሉ፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ብብታቸው ሥር የመጫወቻ ካርታ፣ እጃቸው ላይ በማዕበል ዋዜማ ሰው ሁሉ ተጋፍቶ የሚገዛው ቺፕስ።

“መሰልቸት የሀብታም በሽታ ነው!” ይላሉ ገና ትከሻቸውን ሳያራግፉ። “እኛ ደግሞ ድሆች ነን። ተነሱ!”

ሰውየው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በማሻገሪያ ጀልባ ላይ ሠርተዋል። ሥራቸው ጀልባው ቢሰጥም ተሳፋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት በድምፅ ማጉያ ማስረዳት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ከጋዜጣው ቀና ብሎ አልሰማቸውም። በስተርጅና የበረዶ ቀን መጣላቸው፤ መውጫ የሌለው አድማጭ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ለልጅ ልጆቻቸው ዳስ ጣሉ። የሶፋውን ትራስ፣ የአልጋውን ብርድ ልብስና የጠረጴዛውን ጨርቅ በልብስ ማስጫ ገመድ አያይዘው ከሳሎን እስከ ኩሽና ዘረጉት። የገመዱ ጫፍ የታሰረው በማቀዝቀዣው እጀታ ላይ ስለነበር እስከ ማታ ወተት የቀመሰ የለም። “ዳሱ ይፈርሳላ!” ብለው ማቀዝቀዣው ፊት ቆሙ። ሌላ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ የቲማቲም ቆርቆሮ ደርድረው፣ ለእሁድ ምሳ የተቀመጠውን ጥቅል ጎመን እንደ ኳስ እያንከባለሉ ውድድር አካሄዱ። የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በማርጋሪን ዕቃ የተደረገው የጀልባ ውድድር ደግሞ ከላይ ፎቅ ተጀምሮ በኮርኒሱ በኩል ሳሎን ደርሶ ነው ያለቀው። ካርታ ላይ ለስድስት ዓመት ሕፃን እንኳ አይራሩም። ስታለቅስ “ሕግ ሕግ ነው፣ የኔ እናት” ብለው ካርታዋን ይሰበስባሉ።

ዘንድሮ ግን የበረዶው ቀን በመጥፎ ሰዓት መጣ።

ትሪና የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። ተተኪዋ በበረዶ ስለቀረች የሁለት ሰው ፈረቃ ሠርታ፣ ጎህ ሲቀድ ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ ኋላ እየተከተለች ነው ቤቷ የገባችው። እግሮቿ የሷ አይመስሏትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መተኛት። እንዳትተኛ ያደረጋት ግን ከድካሙ የሚብስ ነገር ነው። ባሏ ጄራርድ ሩቅ አልበርታ ግዛት፣ ነዳጅ ማውጫ ነው የሚሠራው፤ ጥቂት ሳምንት እዚያ፣ ጥቂት ሳምንት እዚህ። ገናን ያለ እሱ ነው ያሳለፉት። ዛሬ ይመጣል ተብሎ ስጦታው አልተከፈተም፣ የገና ዛፉም አልተነሳም። ጠዋት ደወለ።

“ሃሊፋክስ አውሮፕላን ማረፊያ ቀርተናል፣ ትሪና። አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም። መሬት ላይ ጃኬቴን አንጥፌ ነው ያለሁት። ለኖራ እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?”

ኖራ ትንሿ ናት፤ ስድስት ዓመቷ። ሲነገራት ኩሽና ገብታ ጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች። “አባዬ እስኪመጣ አልወጣም” አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች።

እንደ ልማዳቸው የመጡት አቶ ሎዮላ ይህን ሲሰሙ የፊሽካቸውን ገመድ አጠበቁ። ካርታ አወጡ፤ አልወጣችም። ካልሲ አድርገው ኮሪደሩ ላይ ተንሸራተቱ፣ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ፤ አልወጣችም። የዳቦ ሊጥ ጠብሰው ሞላሰስ የሚባለውን ጥቁር የስኳር ማር አፈሰሱበት። ሳህኑ ሙሉውን ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ባዶውን ወጣ፤ ኖራ እዚያው ቀረች። ታላቅ እህቷ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ብሪያና፣ ከስልኳ ቀና ሳትል “አያቴ፣ ተዋት በቃ” አለች።

“አባባ፣” አለች ትሪና ወንበር ላይ እንደተደገፈች፣ “ልጅቷን ይተዉአት። እኔንም ይተዉኝ። ትንሽ ልተኛ።”

“ተኚ እንጂ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ?” አሉና ፊሽካውን ነፉ።

ትሪና ለእኚህ ሰው አንድ ቀን የምትናገረውን ንግግር ለዓመታት ስታዘጋጅ ኖራለች። መግቢያውም መደምደሚያውም አልቋል። የቀረው ጉልበት ነበር።

ከምሳ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ትሪና ዓይኗ ሊከደን ሲል የጓሮው በር ተንኳኳ።

“ሙመር ይገባል ወይ?” አለ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ።

በገና ሰሞን ሙመር ሆኖ የሰው ቤት መግባት ከአያት ቅድመ አያት የወረስነው ነው። የሌላ ሰው ልብስ ትለብሳለህ፣ ፊትህን ትሸፍናለህ፣ ድምፅህን ትለውጣለህ፤ የቤቱ ሰው ማን እንደሆንክ ይገምታል። ከታወቅክ መገለጥ ግዴታህ ነው። ባዳ ሰው ሙመር አይሆንም፤ ጨርቁ ሥር ያለው ሁልጊዜ የምታውቀው ሰው ነው።

የገባው ሙመር የትሪናን የትራስ ልብስ ፊቱ ላይ ደፍቷል፣ የጄራርድን የዝናብ ካፖርት ለብሷል፣ ከካፖርቱ በላይ ደግሞ የትሪናን ጡት ማስያዣ ታጥቋል። ብሪያና በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ትሪናም ሳታስበው ፈገግ አለች።

ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ሰው ግን የሚታየው እግር ብቻ ነው። ኖራ ያየችው የላስቲክ ቦት ጫማ ነበር። ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም አለበት፤ በበጋ ከአባቷ ጋር ጀልባውን ሲቀቡ እሷ ራሷ ያፈሰሰችው።

“አባዬ!”

ከጠረጴዛው ሥር ተስፈንጥራ ወጥታ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። “አውቄሃለሁ! አባዬ ነህ! ሃሊፋክስ አይደለህም፣ ውሸታም! አውልቅ! አውልቀው!”

ሙመሩ ደርቆ ቀረ። ዘወትር ሕግ ሕግ ነው የሚሉት ሰው እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው። ኖራ ወንበር ላይ ወጥታ የትራስ ልብሱን ሳበችው። የአያቷ ነጭ ፀጉር ቆሞ ብቅ አለ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ለአፍታ አየቻቸው፣ ከወንበሩ ወረደች፣ ተመልሳ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

አቶ ሎዮላ ወደ ጫማ ማውለቂያዋ ጠባብ ክፍል ሄዱ። ትሪና ተከተለቻቸው። ንግግሩን የምታወርድበት ሰዓት ደርሷል፤ ንዴቱም እንቅልፉን አባሮላታል። ስትገባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ያ ጡት ማስያዣ ደረታቸው ላይ እንዳለ፣ ቦት ጫማውን ሊያወልቁ ሲታገሉ አገኘቻቸው።

“ጠቦኛል። እግሬ አብጧል መሰለኝ” አሉ ሳያዩዋት። “ጫማውን አላሰብኩትም፣ ልጄ። በእናቴ አጥንት አላሰብኩትም።”

ትሪና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

“ደክሞኛል” አሉ። “የአየር ትንበያው ከተነገረ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ነገ ምን ላድርግላቸው እያልኩ ስገላበጥ ነው የማድረው። ካርታ እኮ አልወድም።”

“ምን?”

“አስጠላኝ። ድሮም አልወድም። አባቴ ማዕበል ሲሆን ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ በሩን ያይ ነበር። ባሕር ላይ የቀረ ወንድሙን ነው የሚጠብቀው። ስምንት ልጆች ሆነን ትንፍሽ የምንል የለንም። ያቺ ልጅ ጠረጴዛው ሥር ስትገባ... ያ ዝምታ መጣብኝ። እፈራዋለሁ፣ ትሪና። እስካሁን እፈራዋለሁ።”

ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋጀ ንግግር ከአፏ አልወጣም። ተንበርክካ ተረከዙን ይዛ ሳበች፤ ጫማው ወለቀ። ሌላውንም ሳበች። የሽማግሌው እግር በእርግጥም አብጦ ነበር። በመጦሪያው ስንቱን እግር አሽታለች፤ ይህን ግን አይታው አታውቅም። አሳዘኗት፤ በራሷም አፈረች።

“አይሂዱ” አለች። “በዚህ ነፋስ ባሕር አሻግሮ አየርላንድ ነው የሚጥልዎት። ይምጡ።”

ወደ ኩሽና ሲመለሱ አቶ ሎዮላ የሙመር ልብሳቸውን አወለቁ፤ ፊሽካቸውንም አውልቀው መስኮቱ ላይ አኖሩ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ወረዱ፣ በአራት እግራቸው ዳዴ ብለው ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

“ጨዋታ ነው?” አለች ኖራ ፊቷን ሳታዞር።

“አይደለም። መቀመጥ ብቻ ነው።”

“አባዬን አትመስልም።”

“አውቃለሁ፣ የኔ እናት። ይቅር በይኝ።”

ኖራ አሰበችበት። ከዚያ ትንሽ ጠጋ አለችላቸው። ብሪያና ቺፕሱን ይዛ በዚያኛው በኩል ገባች። ትሪና ከአልጋዋ ልብሱ የተገፈፈ ትራሷን አምጥታ፣ ግማሽ አካሏ ውጭ እንደቀረ እነሱ ጋ ተጋደመች። በቃ አሁን እተኛለሁ አለች በልቧ። ነገር ግን ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የወሰዳቸው አቶ ሎዮላ ነበሩ፤ ራሳቸው ትራሷ ላይ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ። ዝም ብለው አይታቸው አታውቅም። ካፖርቱን አለበሰቻቸው። ልጆቹ እንዳይነኳቸው ነቅታ ጠበቀች።

ስልኳ ጮኸ። ጄራርድ ነበር። ኖራ ቀምታ አነሳችውና አፏን በእጇ ጋረደች።

“አባዬ፣ ቀስ ብለህ አውራ፣ አያቴ ተኝቷል” አለች በሹክሹክታ። “ጠረጴዛው ሥር ነን። ሁላችንም።”

ከወዲያ የተባለውን አዳመጠች። ዙሪያዋን አየች፤ እህቷን፣ እናቷን፣ የአያቷን ያበጠ እግር።

“ነገ ና” አለች። “ዛሬ ሞልተናል።”